ያልተሸኙ እንግዶች

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 12፣ ታይፔ

ጨረስኩት። ሦስት ግድግዳ፣ አንድ ጨለማ ክፍል፣ መሀሉ ላይ ለተመልካች የሚሆን ዝቅ ያለ አግዳሚ። በግራው ግድግዳ የጨፋሪዎቹ እግር፣ በቀኙ የተራራችን ጭጋግ፣ ፊት ለፊት የጋሼ ታሄስ ፊት። ድምፁም የእሱ ነው። ያለፈው በዓል ላይ የቀረጽኩት ነው፤ ከእንግዶቹ መቀበያ ዜማ እስከ መሸኛው።

የምኮራበት መጋጠሚያው ነው። መሸኛው ሲያበቃ ጋሼ ታሄስ ትንፋሽ ይስባል። እዚያ ትንፋሽ ላይ ቆርጬ ከመቀበያው መግቢያ ጋር ሰፋሁት። የት ጋ እንደተሰፋ ማንም አያገኘውም። ቪዲዮው አለቀ ሲባል ጀምሯል። እንግዶቹ ሄዱ ሲባል መጥተዋል።

የኤግዚቢሽኑ አዘጋጅ ዪን-ሩ መጥታ አየችው። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ ሙዚየሙ ከሚከፈትበት እስከሚዘጋበት ያለ ዕረፍት ይዙርልኝ አለች።

ዜማው ከበዓሉ ወቅት ውጭ አይዜምም። ይህን አልነገርኳትም። ለምን ልንገራት? ጋሼ ታሄስ ፈቅዶልኛል። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ የዜማው መሪም እሱ ነው። ዓይን ዓይኔን እያየ «ይሁን» ብሎኛል። እሱ ይሁን ካለ ሌላው ማን ሆኖ ነው የሚከለክለኝ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 16

ሩጫ። የድምፅ ማጉያው ከጣሪያ ይንጠልጠል ወይስ ከወለል ይምጣ። ከወለል። እግር ላይ እንዲሰማ።

የግድግዳው ጽሑፍ ደረሰ። «የአንድ ነባር ሕዝብ ቁስል የሚሽርበት ክፍል» ይላል። አስለውጠዋለሁ።

ምሳ ረሳሁ። ማታም።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 20

ተከፈተ። ጽሑፉን አላስለወጥኩትም።

ዪን-ሩ የባህል ልብስሽን ልበሽ አለችኝ። ሌሎቹ አርቲስቶች በጂንስ፣ እኔ ብቻዬን በቀይና ነጭ ጥለት። ፎቶ አንሺው «ትንሽ ኮስተር በይ» አለኝ፤ ኮስተር አልኩ። ያንን ፊት ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ሰፈራችን ውስጥ እንደዚያ የሚኮሳተር ሰው አላውቅም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ይቀለዳል።

አንዲት ጋዜጠኛ የዜማውን ታሪክ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ድሮ ከወንዙ ማዶ፣ ገደሉ ውስጥ ትንንሽ ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ቁመታቸው የልጅ፣ ዕውቀታቸው የሽማግሌ። እኛን ሳይሲያቶችን እርሻ አስተማሩን፣ ዘፈን አስተማሩን፣ በመከር በዓላችን ላይ ይገኙ ነበር። ሴቶቻችንን ነኩ ተባለና ቂም ያዝንባቸው። ከገደሉ አፋፍ የሚያርፉበትን ዛፍ በስውር ገዘገዝነው። ወጡበት፣ ተሰበረ፣ ወንዝ ገቡ። የተረፉት ጥቂት አዛውንቶች ዜማውን አስተምረውን፣ የረሳችሁን ቀን እህላችሁ አይበቅልም ብለውን ወደ ምሥራቅ ሄዱ። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ መንፈሳቸውን እንጠራለን፣ እናስተናግዳቸዋለን፣ ይቅር በሉን እንላቸዋለን፣ እንሸኛቸዋለን።

«ታዲያ ይህ የሕዝብሽ ቁስል ነዋ» አለችኝ።

ቁስሉማ የእነሱ ነው፤ ገዳዮቹ እኛ ነን ልላት ነበር። የካሜራው ቀይ መብራት በርቷል። «አዎ» አልኳት። ሕዝብሽን ወክለሽ ነው ወይ የምትናገሪው አለችኝ። ለእሱም አዎ አልኳት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ዛሬ ግን የእኔው ዘመድ ሆነብኝ። ወይን ጠጁ አጠገብ ሁለት ቀጫጭን ልጆች ስለ እኔ ሲያወሩ ሰማሁ። «ዘንድሮስ የተራራ ሰው ሆኖ መወለድ ነበር» አለ አንደኛው። ሁለተኛው ሳቀ። እኔም ዞሬ አብሬያቸው ሳቅኩ፤ ያልሰማሁ ለመምሰል ይሁን ለመወደድ አላውቅም።

እዚህ የምትማር የሰፈራችን ልጅ መጥታ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ድምፁን ሰማች። ባዶ ክንዷን በእጇ ጭብጥ አድርጋ ያዘችና ሳትገባ ተመለሰች። በበዓሉ ወቅት ክንዳችን ላይ ሰምበሌጥ እናስራለን፤ በር ላይ፣ መኪና ላይ፣ ካሜራ ላይም ሳይቀር፣ እንግዶቹ እንዳይዙን። እሷ እንኳ ዘመናዊ ልጅ ናት፣ ፀጉሯን አረንጓዴ ቀለም የተቀባች።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 24

እናቴ ደወለች። ስለ ዝንጅብሉ ዋጋ አወራች፣ ስለ ጎረቤት ውሻ አወራች። ልትዘጋ ስትል፣ «አጎትሽ ያንጎራጉራል» አለች።

ምን እንደሚያንጎራጉር ጠየቅኳት።

«ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስሙን አታስጠሪኝ።»

ጋሼ ታሄስ እኮ አንድ ሕፃን ዜማውን በክረምት ቢያፏጨው ቀበቶውን የፈታ ሰው ነው። እንቅልፍ ላይ ሆኖ ነው ወይ አልኳት። ቁጭ ብሎ ቀርከሃ እየላገ ነው አለች። ሲነግሩት አላዜምኩም ይላል።

ዕድሜ ነው። አባቴም መጨረሻው አካባቢ እንዲህ ያደርገው ነበር መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 2፣ ሰፈር

መጣሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ ከተማ ሰው አይበላም እንዴ አለችኝ። የቀርከሃ ቡቃያ በአሳማ ሥጋ ሠርታ ጠበቀችኝ፤ ሦስቴ ጨመረችልኝ። በየቤቱ ጣሪያ ሥር ፐርሲሞን የሚባለው ፍሬ ተልጦ፣ ተሰቅሎ ይደርቃል። ሁሉም ነገር እንደነበረ ነው፤ ጋሼ ታሄስ ግን ከስቷል። አንገትጌው ሰፍቶታል።

ከቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጠን ለብዙ ሰዓት ዝም አልን። ከእሱ ጋር ዝም ማለት ደስ ይለኛል፤ የእኛን ቋንቋ በስንጥሩ ነው የማውቀው፣ ዝምታው ግን ሙሉ ነው። ከዚያ እሱ ራሱ አነሳው።

«ያ ሥራሽ አለቀ?»

«አለቀ ጋሼ።»

«መሸኛውን አስገብተሻል?»

«አስገብቻለሁ።»

«ጎሽ» አለ። «እሱን ካስገባሽ ችግር የለም።»

አልዋሸሁትም። መሸኛው አለ፤ አንዲት ቃል አልጎደለም። ከመሸኛው በኋላ ምን እንደሚመጣ አልጠየቀኝም።

ስለ ፈቃዱ ሳስብ ዋልኩ። ቃል በቃል ያለኝ «ለቤታችን ይሁን» ነው። እና እኔ የቤቱ ልጅ አይደለሁም? እኔ ባለሁበት ቤታችን አይደለም? እናቴ ብትሰማኝ፣ ምላስሽን ከተማ አሾልሽው ትለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ገና እዚሁ ነኝ። ዪን-ሩ ደውላ ሙዚየሙ ሥራውን ለቋሚ ስብስቡ ወስዶታል አለችኝ፤ ኤግዚቢሽኑም እስከ ማርች ተራዝሟል። በስልኬ ፈረምኩ። በጣቴ። የዝንጅብል ማሳ ዳር ቆሜ።

በዚያው አንድ ነገር ለመንኳት፤ በክፍሉ በር ላይ ሰምበሌጥ ይታሰር አልኳት። ሣር ነፍሳት ያመጣል፣ ደንቡ አይፈቅድም አለች። ትንሽ አስባ፣ «የፕላስቲኩን እናሠራለን፣ ልዩነቱ አይታወቅም» አለችኝ።

ሳቅሁ። ከዘጋሁት በኋላ ግን ማን ልዩነቱን እንዳያውቅ ነው የፈለገችው ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12

ናንጁዋንግ ገበያ። ኑድል ቤት። ከኋላዬ የተቀመጡ ጎብኚዎች ስልክ ላይ ጋሼ ታሄስ ያዜማል። ከሙዚየሙ ቀርጸው ነው የመጡት። የኑድል ቤቱ ባለቤት የኛ ሰው ናት። ድስቷን ጥላ ወጣች። እኔም ሳልጨርስ ወጣሁ። ሂሳቡንም ሳልከፍል፤ ተመልሼ ልከፍላት ይገባል።

የዜማው ወቅት ሊከፈት ምን ቀረው፤ ከተከፈተ በኋላ ሁሉም ትክክል ይሆናል።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 17

ትናንት ማታ ዜማው ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ወንዝ ዳር የበዓሉን ቀን ቆርጠው ከተመለሱ በኋላ ነው ልምምዱ የሚጀመረው። ሁላችንም ሰምበሌጥ አሰርን። እናቴ የእኔን ስታስር ከወትሮው አጠበቀችው፤ እጄ ቀላ።

ጋሼ ታሄስ መራ። መቀበያውን ሲያነሳ በግድግዳ ላይ ሳየው የከረምኩት ሰው ሥጋ ለብሶ ፊቴ ቆሟል። አማረ። አንድም ስንኝ አልሳተም። ወጣቶቹ ከኋላው ተከተሉት። መሸኛው ላይ ደረሰ። ጨረሰ።

ከዚያ ትንፋሽ ሳበ።

ሁሉም የተያያዘበትን እጅ ሊለቅ ሲል መቀበያውን እንደገና አነሳው። ሽማግሌው ኢቲህ፣ የበዓሉ ባለቤት፣ እጃቸውን አነሱ። አላየም። ዓይኑ ክፍት ነው፤ ግን አላየም። እንደገና መሸኛው ላይ ደረሰ፣ ትንፋሽ ሳበ፣ እንደገና መቀበያውን። ሁለት ሰው ክንዱን ይዞ አስቀመጠው። ተቀምጦም ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

ደክሞት ነው። ሰውየው አርጅቷል፣ በባዶ ሆዱ ነው የቆመው፣ የሩዝ አረቄም ሳይቀምስ አልቀረም።

ያቺን ትንፋሽ ግን አውቃታለሁ። ኮምፒውተሬ ላይ ስንት ሳምንት ነው እሷን ስሰማ የከረምኩት። ከሁለት ዓመት በፊት ከመሸኛው በኋላ የሳባት ትንፋሽ ረጅምና የደከመው ሰው ትንፋሽ ነበረች። ግማሿን ቆርጬ የጣልኳት እኔ ነኝ። ትናንት የሳበው ግማሿን ነው።

እንቅልፍ የለም። ይህን የጻፍኩትን ነገ ሳነበው ሞኝነት ይመስለኝ ይሆናል።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 18

ከተማ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ጭንቅላቱን በማሽን አዩት። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፣ እርጋታ አለው። የመርሳት በሽታ ጅማሬ ሊሆን ይችላል፣ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው አለን።

ደስ አለኝ። አጎቴ አእምሮውን እያጣ ነው ተባልኩና ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ ማለት ነው። በመኪናው መስታወት ራሴን ሳየው ፈገግ ብዬ ነበር።

እናቴ ግን ሐኪሙን፣ «ሌላውን ሁሉ ያስታውሳል እኮ፤ መጨረሻውን ብቻ ነው የሚያጣው» አለችው። ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 27

ትናንት ሽማግሌዎቹ ሰበሰቡን። የኑድል ቤቷ ባለቤት መጥታለች፤ አረንጓዴ ፀጉሯ ልጅም ከታይፔ መጥታለች። አንዳቸውም ስሜን አልጠሩም። ክፍሉን ብቻ ተናገሩ፤ ሦስቱን ግድግዳ፣ ያለ ዕረፍት መዞሩን። መዞሩ ሲነገር አንዲት አሮጊት አፏን በእጇ ያዘች።

ሽማግሌው ኢቲህ ብዙ አላወሩም። «ዜማው ያለ ጊዜው ወጥቷል፤ እንግዳ ተጠርቶ አልተሸኘም። ማነው ያወጣው?» አሉ።

ሁሉም መሬት መሬት አየ። በእኛ ዘንድ በሸንጎ ሰውን ማየት መክሰስ ነው። አፌን ከፍቻለሁ፤ እምላለሁ፣ ከፍቻለሁ። ጋሼ ታሄስ ግን ቀደመኝ። ከመቀመጫው ተነሳ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ልጅቷ ጠየቀችኝ። ወንዙን አሻግሪው ያልኳት እኔ ነኝ።»

«አንተ ታሄስ?» አሉ ኢቲህ።

«እኔ።»

«እንደሚደጋግም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ። ደግሞ ደጋግሞ የሚዞር ቪዲዮ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም፤ የእሱ ቤት ቴሌቪዥን ከተበላሸ ቆይቷል። ተቀመጠና ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። አፌን ዘጋሁ።

ተፈረደበት። ዘንድሮ አይመራም፣ ወደ ጭፈራው ሜዳም አይገባም። ዕድሜውን ሙሉ ያልተለየው ሜዳ ነው። በመንገድ ላይ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቅሁት። «እኔ መሄጃዬ ነው። አንቺ መመለሻ ያስፈልግሻል» አለኝ። 

እንግዲህ እዚህ ልጻፈው፤ ሌላ ቦታ ማለት አልቻልኩምና። ያን ጊዜ፣ ካሜራዬ ላይ ሰምበሌጡን ራሱ ሲያስርልኝ፣ ያለኝ እንዲህ ነው፦ «ለቤታችን ይሁን። ወንዙን እንዳታሻግሪው።» ይህን ነው ያለኝ። ከመጀመሪያውም አልረሳሁትም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 29

ዪን-ሩን ለመንኳት። አጥፊው አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ወቅቱን፣ ወንዙን፣ አጎቴን። ጥሩ አድማጭ ናት። ሰምታ ስትጨርስ፣ ይህን ታሪክ ለካታሎጉ ብትጽፊልን ሥራውን የበለጠ ያጠነክረዋል አለችኝ።

ጮህኩባት። በትሕትና መለሰችልኝ፤ ሥራው አሁን የሙዚየሙ ነው፣ የሚወስነው ቦርዱ ነው፣ ቦርዱም የሚሰበሰበው ከአዲስ ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያው ለአክብሮት በበሩ ላይ ጽሑፍ እንሰቅላለን አለች።

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 7

ዝናብ። መንገዱ ተንዶ አውቶቡስ የለም። ጋሼ ታሄስ ቀን ቀን ያዜማል፤ ሙዚየም በሚከፈትበት ሰዓት ይጀምራል ብዬ አልጽፍም። ቡና ቤት ውስጥ ሰው ሲያየኝ ወሬ ይቋረጣል። እናቴ እኔን ጥላ ከእሱ ጋር ትተኛለች፤ በሩን በሰምበሌጥ ሸፍናዋለች።

እሑድ፣ ኖቬምበር 17

ከነጋ ነው የተመለስነው። ሳልተኛ ነው የምጽፈው።

መሸኛው ተዜመ። የኢቲህ ልጅ መራው፤ ሁለት ቦታ ተደናቀፈ፣ ግን ጨረሰው። እኔ በጨፋሪዎቹ የእጅ ሰንሰለት ውስጥ ነበርኩ፤ በግራም በቀኝም እጄን የያዙኝ ሰዎች አልጨበጡኝም፣ ነኩኝ እንጂ። ጎህ ሲቀድ ጎረምሶቹ የተገዘገዘውን ዛፍ ለማስታወስ የተሰቀለውን ግንድ ዘለው አወረዱት፣ ሰባብረው ወደ ምሥራቅ ወረወሩት። ሁሉም ክንዱ ላይ ያለውን ሰምበሌጥ ፈትቶ ወረወረ። አለቀ። እንግዳው ሄዷል፤ ከዚህ በኋላ ድምፅ አይሰማም፣ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ያኔ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከአጥሩ ውጭ ጋሼ ታሄስ መቀበያውን አነሳ።

እናቴ አፉን በእጇ ልትይዘው ሞከረች። እጇን በቀስታ አውርዶ ቀጠለ። ድምፁ እንዲህ አምሮ ሰምቼው አላውቅም። ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ባዶ ክንዱን ይዞ ቆመ። ልጆች ማልቀስ ጀመሩ። ሽማግሌው ኢቲህ ወደ አጥሩ ሄዱ፤ አልተቆጡም፣ ፈርተው ነበር። 

«ማነው የጠራቸው?» አሉ።

ጋሼ ታሄስ ስብሰባው ላይ እንዳደረገው «እኔ» ሊል ከንፈሩን አሞጠሞጠ፤ ዜማው ግን አላስገባ አለው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እሱ ከልክሎኝ ነበር። እኔ ነኝ የጠራኋቸው።»

ኢቲህ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። በእኛ ዘንድ ሰው እንደዚያ አይታይም።

«እንግዲያው እንግዶችሽን አስተናግጂ» አሉኝ። «የኛ በዓል አልቋል።»

ሰዉ ሄደ። አንድም ሰው ወደ ኋላ አልዞረም። ሜዳው ላይ እኔና እናቴ፣ እሱም እያዜመ ቀረን።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ጋሼ ታሄስ ዛሬ ዝም አለ። ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ታጠበ። በስሜ ጠራኝ፤ «ፒዋስ፣ ከስተሻል» አለኝ። ምሳውን በራሱ እጅ በላ፣ ሾርባውን ደገመ። እናቴ ትንሽ ጠበቀች፣ ከዚያ ሌላ ትንሽ ጠበቀች፣ ከዚያ ማድ ቤት ገብታ አለቀሰች። «ሄዱ» አለችኝ፤ «ሰው ፊት ስለተናዘዝሽ ተሸኙ።» ለጎረቤት ልትነግር ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ሮጠች።

እኔም አመንኩ። ለዪን-ሩ ልነግራት ደወልኩ፤ አላነሳችም። ወደ ሙዚየሙ ቢሮ ደወልኩ። የተቀረጸ የሴት ድምፅ መለሰልኝ፤ ሰኞ ሰኞ ዝግ ነን፣ ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንከፍታለን አለኝ።

እናቴን ከመንገድ ልመልሳት ተነሳሁ። ምን ብዬ እንደምመልሳት ስላላወቅሁ ተመልሼ ከአጎቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ወጥታለች፣ ጭጋጉ ተገፏል። ያለፈው ሰኞም እንዲሁ ደህና ውሎ ነበር፤ ያኔ ደክሞት ነው ብለን አልቆጠርነውም።

«ነገ ወደ ዝንጅብሉ ማሳ ትወስጂኛለሽ» አለኝ። «ነገ ምን ቀን ነው?»

«ማክሰኞ» አልኩት።